የነፋሱ ሰሞን

ከደሴቲቱ ወደብ
ቅዳሜ፣ ጥር 30 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለልጄ ለምኞት አማረ፣ ወረታ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኔ ከነፋሱ በቀር ያስቸገረኝ የለም። ዛሬ ለራት እደርሳለሁ ብዬሽ ነበር፤ አልደረስሁም። ፊትሽ ሲከፋ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። መጀመሪያ አንብቢ፣ ከዚያ ታኮርፊያለሽ።

የጣናን ገዳማት በሰላም ተሳልመን ጨርሰናል። ዳጋ ላይ ሴት አይገባምና ወንዶቹ ወጥተው እስኪወርዱ እኛ ጀልባዋ ላይ ቀረን። ትናንት ጠዋት ከደቅ ተነስተን ወደ ናበጋ ዳርቻ ስንመጣ ነፋሱ ከፊት ተነሳ። ጀልባዋ እንደ ሰፌድ አበጠረችን። ነጂው መንግሥቴ የማይዋሽ ሰው ነው። «ከዚህ ካለፍሁ የሃያ ሦስት ሰው ነፍስ በእጄ ነው» ብሎ ወደዚች ደሴት አዞረን። አምስት ቤትና አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ወደብ ይሉታል እንጂ ድንጋይ የተደረደረበት መውረጃ ነው። ታንኳ የሚሠሩበት ዳስ ስላለ እሱ ውስጥ አደርን።

የሚመሩን አባት አባ ሀይለየሱስ «የዓለሙን ስማችሁን ባሕር ዳር ትታችሁ ኑ» ስላሉን የምንጠራራው በክርስትና ስም ነው። ጥሩብርሃን ብለሽ ብትጣሪ እዚህ የሚያውቀኝ ጎረቤታችን ጸሐይነሽ ብቻ ናት፤ ለሌላው ወለተ ሐና ነኝ። ከይፋግ በኩል የመጡ ስድስት ሰዎችም አብረውን አሉ። አንዱ፣ ወልደ ሥላሴ የሚሉት ሽማግሌ፣ ውሃ ሲያይ ይዞረዋል። ዓይኑን ጨፍኖ «መሬት ስንደርስ ንገሩኝ» እያለ ሲጓዝ በሳቅ ሞትን።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣው ሸዋዓለም የደሴቲቱ ሰው ነው። ጎሕ ሲቀድ፣ ነፋሱ ሳይበረታ፣ በታንኳ ይሻገራል። የደንገል ሣር ታንኳ ውሃ ቢሞላበትም አይሰምጥምና ብቻውን ይደፍራል፤ ሰው ጭኖ ግን አይሞክርም። ለምኜው ነበር።

ጽሕፈቴን አትሳቂበት። በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ነው፤ ወረቀቱንም ነፋሱ እንዳይወስድብኝ በጉልበቴ ተጭኜ ነው የምጽፍ። ስለዚያ ነገር ስመጣ አፍ ለአፍ እንነጋገራለን። በደብዳቤ አትጠይቂኝ።

እናትሽ


ወረታ
ሰኞ፣ የካቲት 2 ቀን 1990 ዓ.ም.

እምዬ፣

መሬት ላይ መሆንሽን ሳነብ አምላኬን አመሰገንሁ፤ ቀጥዬ አኮረፍሁ። እንዳዘዝሽኝ በተራ ነው።

ቅር አይበልሽና ነፋሱ ያንቺ ወገን ይመስለኛል። በኅዳር ሽማግሌዎቹን «ከጣና መልስ ኑ» ብለሽ ሸኘሻቸው። እነሱም የካቲት ስምንት እሑድ ብለው ቀን ቆርጠዋል። አንቺ ግን በዚያው ሰሞን ደሴት ላይ ቀረሽ። ምን ልበል?

አትጠይቂኝ ስላልሽኝ አልጠይቅም፤ እነግርሻለሁ። ይርዳውን መሥሪያ ቤቱ ለትምህርት አለማያ ልኮታል፤ የካቲት ሃያ ሦስት መድረስ አለበት፣ ሁለት ዓመት ነው። ጾሙ የካቲት አሥራ ስድስት ይገባል። ከዚያ በፊት ከተጋባን የትምህርት ቢሮው ዝውውር ይሰጠኝና አብሬው እሄዳለሁ። ካልሆነ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነው፤ ወይም አለመጠበቅ።

«የአዛናው ልጅ ቤቴ አይገባም» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣም። አዛናው ምን አደረገ? አባዬ አንቺን ከማግባቱ በፊት፣ ርብ ሞልቶ በሬው ተወሰደ፤ አዛናው የራሱን አድኖ የአባዬን ተወ። ይኸው ነው። እምዬ፣ እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያ በሬ በዕድሜ ይበልጠኛል። ሰውየውን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በዓይንሽ አላየሽውም።

ለማንኛውም ሽማግሌዎቹም ተቸግረዋል። የይርዳው አባት ከጎረቤቶቹ ጋራ ገዳም ሊሳለም ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም አሉ።

በሶ፣ ጨው፣ ወረቀትና ወፍራሙን ጋቢሽን ልኬልሻለሁ። ብርዱን ተጠንቀቂ።

ያኮረፈችው ልጅሽ
ምኞት


ከደሴቲቱ ወደብ
ረቡዕ፣ የካቲት 4 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፣

የላክሽው ሁሉ ደረሰኝ። በሶው ግን ብዙ አልቆየም፤ ሃያ ሦስት አፍ ነው። ነፋሱን እኔ አልጠራሁትም። ትናንት መንግሥቴ ሞተሩን አስነስቶ ሊሞክር ወጣን፤ ጥቂት እንደሄድን ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ገብቶ ከእግር እስከ ራስ አጠበንና ተመለስን። ወልደ ሥላሴ ወርዶ ድንጋዩን ሳመ።

የነነዌ ጾም እዚህ አገኘን፤ ከዚህ የተሻለ ቦታም የለውም። ሰኞ አባ ሀይለየሱስ የጾሙን ታሪክ እየነገሩን፣ በአንድ ሰው ጥፋት መርከቡ ሁሉ የተናወጠበት ላይ ሲደርሱ ነፋሱ የዳሱን ክዳን ገንጥሎ ወሰደው። ሁላችንም ወደ ሰማይ አንጋጠጥን። ያሳቀችን ጸሐይነሽ ናት። «እንግዲህ ያ ሰው ከመካከላችን ካለ ራሱን ይግለጥ!» ብትል ወልደ ሥላሴ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ፤ ግን አትወርውሩኝ። ይህን ያረጀ ሥጋ ዓሣውም አይነካው» አለ። አባ ራሳቸው በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ከዚያ ተነስቶ ክዳኑን በደንገል መልሶ ያሰረው እሱ ነው። ከቀኝ እጁ አመልካች ጣቱ የለችም፤ ገመድ ሲቋጥር ግን ሙሉ ጣት ያለውን ያሳፍራል። ከዚያ ወዲህ ዳሱ አይነቃነቅም።

ሰዉ ተላምዷል። ጠዋት እንጸልያለን፤ ከዚያ ሴቶቹ ከደሴቲቱ ሴቶች ጋራ ባቄላ እንለቅማለን፣ ወንዶቹ የወደቡን ድንጋይ ይጠግናሉ። ከሰዓት በኋላ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠን የነፋሱን መብረድ እንጠብቃለን። ጨዋታው የሚደምቀው ያኔ ነው። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሥራ ፈትቼ አላውቅም።

በሬው ይበልጠኛል ያልሽው አሳቀኝ። መሳቄን ግን ለማንም አትንገሪ።

ዝም ብዬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የዚያ የይርዳው አባት እጁ ደህና ነው? አታስቢበት። ዝም ብዬ ነው።

እናትሽ


ወረታ
ዓርብ፣ የካቲት 6 ቀን 1990 ዓ.ም.

እምዬ!

አንቺ ዝም ብለሽ ጠይቀሽ የምታውቂው መቼ ነው?

ይርዳው ትናንት በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤት መጣ። «የአባትህ እጅ ምን ሆኗል?» አልሁት። «ምነው? አንድ ጣቱን ገመድ ቆርጦበታል፤ እኔ ሳልወለድ» አለኝ። «የክርስትና ስሙስ?» «ወልደ ሥላሴ።» ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ደብዳቤሽን አነበብሁለት። ዓሣውም አይነካው ያለው ላይ ስንደርስ «አባዬ ነው! ሌላ ሰው እንዲህ አይልም!» ብሎ እዚያው የመማሪያ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ሳቃችንን ሰምቶ ተማሪው ሁሉ ከበበን።

ሳቁ ሲያልፍ ግን ፈራሁ። ልደብቅሽ አስቤ ነበር። ነፋሱ እስኪበርድ ወልደ ሥላሴ ይሁን፣ ሳቂ፣ ተጫወቺ ብዬ። አልሆነልኝም። አንቺን ዋሽቼ የማገኘው ትዳር ይቅርብኝ። እንግዲህ እውቂው፤ ዳሱን ያሰረላችሁ ሰው አዛናው ነው።

እባክሽ እምዬ፣ አትቆጪ። ደሴት ላይ ናችሁ፤ ብትጣሉ አንቺም የምትሄጂበት የለሽም፣ እሱም የለውም። ይርዳው ታንኳ ተከራይቼ ልምጣ ብሎ ተነስቶ ነበር፤ ከለከልሁት። የአባቱን የውሃ ፍርሃት ወርሷል፤ ሁለት በሽተኛ ታስታምሚያለሽ።

ምኞት


ከደሴቲቱ ወደብ
ቅዳሜ፣ የካቲት 7 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስላልዋሸሽኝ ተባረኪ። እኔ ግን ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። ሰውየውን አውቄው ነበር። ስለ ጣቱ የጠየቅሁሽ ለማረጋገጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ማዕበሉ መልሶን ልብሳችንን ድንጋዩ ላይ ስናደርቅ፣ ጸሐይነሽ «ወልደ ሥላሴ፣ ውሃ እንዲህ የሚያስፈራዎ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። እንደ ወትሮው ያስቀናል ብለን ጠበቅን። አላሳቀንም።

«ርብ ከሞላበት ክረምት ጀምሮ» አለ። «ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበርሁ። አንድ በሬ የኔ፣ አንድ በሬ የባልንጀራዬ፣ እያቀናጀን ነበር የምናርስ። የሱን ቦራ እንለዋለን። ሁለቱ አንድ ግንድ ላይ ታስረው ውሃው በአንድ ጊዜ ወገቤ ደረሰ። መጀመሪያ የማንን ፈታህ በሉኝ። የራሴን ፈታሁ። አስቤ አይደለም፤ እጄ ወደዚያ ሄደ። ለቦራ ስመለስ ውሃው ቀድሞኝ ነበር። ገመዱ ጣቴን ይዞ ሄደ። ባልንጀራዬ የራስህን አዳንህ አለኝ። እውነቱን ነው። ጊደር ወስጄ ደጁ ባስር መለሰልኝ። የሞተ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ነው የሸኘሁት። ልግባ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።»

ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ «ካደው» ሲባል ነው የሰማሁ። ሰውየው አልካደም። ማንም ሳይጠይቀው፣ እኔ ማን እንደሆንሁ ሳያውቅ፣ የራሴን ፈታሁ አለ። ተነስቼ ልብሴን ገለበጥሁ፤ ደርቆ ነበር፣ ግን ገለበጥሁት።

ዛሬ ጠዋት ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ወደሱ ሄድሁ። የጀልባዋን ገመድ ይጠግን ነበር። «ወልደ ሥላሴ፣ እኔ ጥሩብርሃን ነኝ። የአማረ ሚስት» አልሁት። ገመዱን ጣለው። እስከ ወደቡ ጫፍ ሄደ፤ ነፋሱ ጋቢውን ሊገፈው ይታገለዋል። ውሃው እግሩን እየነካ፣ ያ ውሃ የሚፈራ ሰው እዚያ ጫፍ ላይ ቆመ። ሲመለስ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ነው። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያያል።

«ያስቀምጡት፣ ወገብዎን ያምዎታል» አልሁት።

«ይቅር ሳይሉኝ አላስቀምጥም።»

«በሬው የኔ አልነበረም። ይቅርታው የኔ ይሁን አይሁን ገና አላወቅሁም። ላስብበት፤ ጊዜ ይስጡኝ።»

«እጠብቃለሁ» አለ፤ ወዲያው ባሕሩን አየና «ደግሞስ የት እሄዳለሁ?» አለ። እንባው እየወረደ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ። ድንጋዩን መንግሥቴና ጸሐይነሽ ተጋግዘው አወረዱለት።

ልጁ የማንን ልጅ እንደወደደ ግን ሰውየው ያውቅ ነበር፤ ራሱ ነገረኝ። እምቢ እንዳልል ሊሳል ነው ገዳም የወጣው፤ ጥሩብርሃን ምን መልክ እንዳላት ሳያውቅ፣ አጠገቤ ቆሞ ስለ እኔ ይሳል ነበር።

ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጎትሽ አዳሙ ይቀበላቸው። መልስ አልላክሁም።

እናትሽ


ወረታ
ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን 1990 ዓ.ም.

እምዬ፣

ደብዳቤሽና ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ ደረሱ። አራት ሆነው መጡ፤ አጎቴ አዳሙ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። «የልጅቱ እናት የሉም፤ የልጁም አባት የሉም» ብለው ሲቸገሩ ደብዳቤሽን አነበብሁላቸው። ድንጋዩ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ለአጎቴ ሰጠሁትና እሱ ጨረሰው። ከሁሉ ታላቅ የሆኑት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጠርገው «ባለቤቶቹ ሁለቱም እዚያ ናቸው፤ እኛ እዚህ ምን እንሠራለን?» አሉ። ቃላቸውን አጎቴ ጻፈው፤ ሁሉም ፈረሙበት። አብሮ ይደርስሻል። በእነሱ ፈንታ አባ ሀይለየሱስና መንግሥቴ እዚያው ሽማግሌ ይሁኑ ብለዋል።

ይህ የእነሱ ነው። የኔ ደግሞ ይኸውልሽ።

ትናንት ማታ ብቻዬን ስሆን የአባዬን ፎቶግራፍ አወረድሁት። እኔ ስለ በሬው ቀልጄበታለሁ። እሱ ግን አልቀለደበትም፤ ወዳጅ ነው ያጣው። አንቺም የሱን ነገር ስትጠብቂ ነው የኖርሽው። ያንን ሳላይ ነፋሱ ወገንሽ ነው አልሁሽ።

ስለዚህ ይርዳውን ዛሬ ነገርሁት። ልብሽ ሙሉ በሙሉ ካልፈቀደ አላገባም። ለእሱ አዝነሽ፣ ለእኔ አዝነሽ፣ ወይም ደሴት ላይ መውጫ አጥተሽ እሺ እንዳትዪ። እምቢ ብትዪም ከበራፍ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። እሱም «ልክ ነሽ» አለኝ፤ ከዚያ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። አልጋለባትም፤ እየገፋት ሄደ።

ምኞት


ከደሴቲቱ ወደብ
ረቡዕ፣ የካቲት 11 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፣

ልጁን ንገሪው፣ ብስክሌቱን ይጋልባት።

ትናንት ወረቀቱ እንደደረሰ አባ ሀይለየሱስ ከእኔ ወገን፣ መንግሥቴ ከእነሱ ወገን ሆኑ። ጉዳዩ እንደ ደንቡ ይሁን ስለተባለ እኔ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥሁ፤ እነሱ ወደቡ ላይ ቆሙ። በር የለምና ጸሐይነሽ ነጠላዋን ዘርግታ በር ሆነች።

መንግሥቴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ከሩቅ አገር መጣን» ብሎ ጀመረ። ጸሐይነሽ «ከዚያ ድንጋይ ነው የመጣችሁ፣ አይቻችኋለሁ» አለችው። ነፋሱ ደግሞ ቃሉን እየወሰደበት አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይጮኻል። «ልጃችሁን ለልጃችን!» ሲል «ምን?» ይላሉ አባ፤ «ልጃችሁን!» «ምን ሆነች?» እስከ ደሴቲቱ ማዶ ያልሰማ የለም፤ እሳቸው ብቻ አልሰሙም። ሰዉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ።

በመጨረሻ ነጠላውን ገልጬ ራሴ ወጣሁ። ደንቡ እንዲያ አይደለም፤ ግን ወጣሁ። አቶ አዛናው ከኋላ ቆመው ነበር። አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ያንን በሬ ዛሬ እፈታዋለሁ» አልኋቸው። «አማረ ቢኖር ኖሮ አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቅዎ፣ እኔ ልጠይቅዎ። ልጄ አንድ ቀን ውሃ ቢመጣባት፣ ልጅዎ መጀመሪያ ማንን ይፈታል?»

ቀኝ እጃቸውን አንስተው ብዙ አዩት። በቶሎ ቢመልሱልኝ አላምናቸውም ነበር።

«ስለ እጁ መማል አልችልም» አሉ። «የራሴንም አላወቅሁትም። ግን የሆነውን ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነግሬዋለሁ፤ እኔን አይቶ አድጓል።»

«ሰጥቻለሁ» አልሁ።

እልልታው ከነፋሱ በለጠ። የደሴቲቱ ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጡ። አቶ አዛናው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አነሳኋቸው። መንግሥቴ ማንንም ሳያማክር የጀልባዋን ጡሩምባ ነፋው፤ ዛፍ ላይ የነበሩ ወፎች ሁሉ ተነሱ።

አዝኜልሽም፣ መውጫም አጥቼ አይደለም። ሙሉ ነው። ሠርጉ እሑድ የካቲት አሥራ አምስት ይሁን። የቀረው ነፋሱ ብቻ ነው፤ እሱን ሽማግሌ ልከንበታል፣ እምቢ ብሏል።

እናትሽ


ወረታ
ሐሙስ፣ የካቲት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

እምዬ፣

ብዙ አልጽፍም፤ ሥራው በዝቷል። ድንኳኑ ተተክሏል። ከይፋግ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሰው መጥቷል። ጎረቤታችን አማከለች ጠላውን ጠምቃ አሁን ደግሞ ሩዙን ማን ይቀቅለው እያለች ከሰው ሁሉ ትጣላለች። ይርዳው ብስክሌቱን ጋልቦ ከአህያ ጋራ ተጋጨ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ነገ ከጠዋቱ ጀምሮ ናበጋ ዳርቻ ነን፤ ሁላችንም። ቅዳሜም፣ እሑድም እዚያው ነን። ሳትመጪ ቀለበት አላደርግም።

ምኞትሽ


ከጀልባዋ ላይ
ዓርብ፣ የካቲት 13 ቀን 1990 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን ሸዋዓለም አያመጣልሽም። በእጄ ነው የምሰጥሽ።

ዛሬ ስንነቃ ምንም አይሰማም። በጸጥታው ደንግጠን ተነሳን። ውሃው ሳህን ላይ የፈሰሰ ወተት ይመስላል። መንግሥቴ «አሁን!» ብሎ ጮኸ፤ ስንቃችንን እንኳ በቅጡ ሳንይዝ ተሳፈርን። የደሴቲቱ ሰዎች ወደቡ ላይ ቆመው አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። አቶ አዛናው አጠገቤ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። የምጽፈውን አያዩም፤ ደግ አደረጉ።

የምጽፍልሽ በአፌ የማልለው ነገር ስላለ ነው። ፊትሽን እያየሁ አልችለውም።

የበሬውን ነገር ያስረዘምሁት እኔ ነኝ። አባትሽ በመጨረሻው ሕመሙ «አዛናውን ይቅር ብዬዋለሁ፣ ንገሪልኝ» ብሎኝ ነበር። አልነገርሁም። የት አገኘዋለሁ እያልሁ አቆየሁት፤ ከዚያ ረሳሁት። ያስታወስሁት በኅዳር ነው፤ ካገባሽ አለማያ እንደምትሄጂ ከሰው አፍ የሰማሁ ቀን። «ልጄን አልሰጥም» ማለት አሳፈረኝ። «ለአዛናው ልጅ አልሰጥም» ማለት ግን ቀለለኝ። ሰዉም ተረዳኝ፤ አንቺም ለአባዬ ብላ ነው አልሽኝ። ለአባትሽ አልነበረም። ማታ በሩን ዘግቼ «ምኞት» ስል የሚመልስልኝ እንዳይጠፋ ፈርቼ ነው።

ለአቶ አዛናው ትናንት የአባትሽን ቃል ነገርኋቸው። «ሦስት ዓመት አቆየሁብዎ» አልኋቸው። ብዙ አለቀሱ፤ ከዚያ «ደረሰኝ፣ ይበቃኛል» አሉ። ከእሳቸው ይቅርታ አገኘሁ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።

አንድ ነገር ግን እመኚኝ። እዚህ አሥራ አምስት ቀን ያለ አንቺ አደርሁ፤ አልሞትሁም። እንዲያውም ሳቅሁ። ጸሐይነሽ ቤትሽ ሲከብድሽ ቤቴ ትመጫለሽ ብላኛለች፤ አቶ አዛናውም የይፋግ ገበያ ቀን እንዳይቀሩ ብለውኛል። ስለዚህ ስትሄጂ ወደኋላ እያየሽ አትሂጂ። በደንብ ሂጂ።

ዳርቻው ታየኝ። ጥቁር ነገር መስሎኝ ነበር፤ ሰው ነው፣ ሁሉም ሰው ነው። ከበሮው ይሰማኛል። ከሁሉ ፊት አንዲት ልጅ ጫማዋን አውልቃ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታለች። ብርድ ይመታሻል፣ ውጪ ብዬ ብጮህ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው።

መልስ አትጻፊልኝ። እጅሽን ብቻ ስጪኝና ልውረድ።

እናትሽ
ጥሩብርሃን